ዝናብ አያስኮርጅም

«ልጄን ትምህርት ቤት የላክሁት ጭቃ እንዲያቦካ ነው እንዴ?» ይላሉ አባት፣ የክረምት በጎ ፈቃድ ወረቀት ሲደርሳቸው።

አይስጉ ጋሼ፤ ልጅዎ ጭቃ ማቡካት አይችልም። ቢችልማ ስንቱን ነገር በተገላገልነው! «ድብልቅ ማለት ምን ማለት ነው?» ሲሉት በእንግሊዝኛ አንበልብሎ ይመልሳል። «እሺ፣ ደባልቅ» ሲሉት አካፋውን በየት በኩል እንደሚይዙት ይጠይቃል። ፊዚክስ ላይ 90 አምጥቷል፤ ቤት ውስጥ አምፖል ሲቃጠል ግን የሚጠራው ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠው የጎረቤት ልጅ ነው።

በየዓመቱ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሐምሌ ሲገባ፣ በአዲስ አበባም በሌሎች ከተሞችም የአቅመ ደካሞች ቤት ይታደሳል። ተማሪው፣ መምህሩ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ቲሸርት ለብሶ ይወጣል። ሥራው ደግ ነው፤ በደግ ሥራ ላይ ምላሴን አልስልም። የምተርበው ሌላ ነገር ነው፦ እዚያ ግቢ ውስጥ የተዘረገፈውን ሒሳብና ሳይንስ ማንም ዞር ብሎ ሳያየው መቅረቱን። ቤቱ ይታደሳል፤ ተማሪው እንደመጣ ይመለሳል።

እማማን ታውቋቸዋላችሁ፤ በየሰፈሩ አንድ እማማ አይጠፉም። ባለ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት፣ የዘመመ ግድግዳ፣ ያልዘመመ ምላስ። ጣራቸው ከማፍሰሱ የተነሳ ዝናቡ ውጭ ካባራ በኋላ ቤት ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቆያል። ግድግዳቸው ከመዝመሙ የተነሳ የሰቀሉት ሥዕል ከግድግዳው አንድ ስንዝር ፈቀቅ ብሎ ይንጠለጠላል። አንድ የፊዚክስ መምህር ሥዕሉን እያሳየ «ቱንቢ ማለት ይህ ነው» ቢል ክፍለ ጊዜው አለቀ። ማንም ግን አላለም።

በጎ ፈቃደኞቹ ደረሱ። ከመኪናው ቀድሞ የወረደው ባነር ነው። ቀጥሎ ካሜራ። አካፋ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። አንዷን አካፋ ስድስት ሰው ይዟት ፎቶ ተነሳ። «እማማ፣ ፈገግ ይበሉ እንጂ!» ቢላቸው ካሜራ ያዡ፣ «የኔ ልጅ፣ ፎቶው ላይማ ጣራዬ መቼ አፍስሶ ያውቃል!» አሉት።

«ሳይንሱን ለምን እዚህ አታሳይም?» ሲሉት፣ «ትምህርት ቤታችን እኮ ላብራቶሪ የለውም» ይላል አብሮ የመጣው ቲቸር።

ሃይላንድስ የለውም? ባዶ የውሃ ፕላስቲክ? ከእማማ ጓሮ ከተቆፈረው አፈር ሲሶውን ሙላው፣ ውሃ ጨምርበት፣ ክዳኑን ግጠም፣ በደንብ ናጠውና አስቀምጠው። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ታች ይቀመጣል፣ ደለሉ በሰዓታት ውስጥ ይከተለዋል፣ ሸክላው ግን ውሃውን እንዳደፈረሰ ቀን ሊያልፈው ይችላል። ትልቁ ቅንጣት ቶሎ ይሰምጣል፣ ትንሹ ይንሳፈፋል፤ ይኸው ፊዚክስ። ከዚያ በማስመሪያ ለካና ከመቶ ስንቱ አሸዋ፣ ስንቱ ሸክላ እንደሆነ አስላ፤ ይኸው ሒሳብ። ሸክላ የበዛበት ግድግዳ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አሸዋ የበዛበት ይረግፋል። የዚህ ሁሉ ላብራቶሪ በጀት አንድ ባዶ ፕላስቲክ ነው፤ እሱንም ጫማ ጠራጊው ልጅ በነፃ ይሰጥሃል።

አንዱ ተማሪ ይህን ሠርቶ፣ አሳድሮ፣ ለክቶ፣ «ሸክላ በዝቶበታል፣ ጭድ ይጨመርበት» ብሎ በኩራት አስታወቀ። ግንበኛው ጋሼ ከዚያው አፈር ቆንጥረው በውሃ አራሱት፣ በመዳፋቸው አድቦልቡለው አቀጠኑት፣ ጫፉን ይዘው አንጠለጠሉት፤ አልተበጠሰም። «ሸክላ በዝቶበታል፤ ጭድ ጨምሩበት» አሉ።

«ጋሼ፣ በምን አወቁ?»

«አንተ አድረህ ባወቅኸው።»

ጭዱስ ለምንድን ነው? ጭቃ ሲጫኑት ይችላል፤ ሲጎትቱት ግን ይበጠሳል። ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተራል፤ ኩምትርታው ግድግዳውን ይጎትተዋል። የጤፍ ጭድ በመሀል ገብቶ ያንን ጉተታ ይሸከማል፤ አንዱ ትልቅ ስንጥቅ ለዓይን በማይታዩ ብዙ ስንጥቆች ይከፋፈላል። ፌሮ በኮንክሪት ውስጥ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ጋሼ ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሱታል፦ «ያለ ጭድ ይከዳሃል።» ተማሪው ደግሞ ለምን እንደሚከዳው ያስረዳቸዋል። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ትምህርት ያልነው ነገር የሚጀመረው።

«ይህ ግንበኛ ሰርተፊኬት አለው?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ግድግዳ አለው፤ ሄደህ ገፋ ገፋ አድርገው።

ለእማማ ከቤቱ ጎን አንዲት ክፍል ልትቀጠል ነው። ጋሼ ሲባጎ ወጠሩ። በአንዱ ጎን 60 ሳንቲም፣ በሌላው 80 ሳንቲም ለክተው ምልክት አደረጉና በሁለቱ ምልክቶች መካከል ልክ 1 ሜትር እስኪሆን ሲባጎውን ገፋ ሳብ አደረጉት። «በቃ፤ ማዕዘኑ ወጥቷል።»

ተማሪው ጮኸ፦ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ፓይታጎረስ ነው!»

«የማን ሳይት ላይ ነው የሚሠራው?»

«ግሪካዊ ነው ጋሼ፤ ከሞተ 2,500 ዓመት ገደማ ሆኖታል።»

«ታዲያ እሱ ከሞተ ወዲህ ይህን ሁሉ ቤት የሠራሁት እኔ አይደለሁም?»

ጋሼ ረቱ። አንዲት ተማሪ ግን እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ 80 ሳንቲም ላይ አንዲት ሳንቲም ቢስቱ፣ 3 ሜትር ከ20 ስንደርስ ስህተቱ 4 ሳንቲም ይሆናል። ክፍሏ 3 ሜትር ከ20 በ2 ሜትር ከ60 ናት፤ እንግዲህ ሰያፉ በሁለቱም በኩል 4 ሜትር ከ12 መምጣት አለበት።» ስልኳን አሳየቻቸው። ተለካ። በአንዱ በኩል 4 ሜትር ከ12፣ በሌላው 4 ሜትር ከ15። ጋሼ ችካሉን ነቅለው አስተካከሉና፣ «እኔ ደግሞ ይሄ ስልክ ለቲክቶክ ብቻ የሚሠራ መስሎኝ» አሉ።

አያችሁ? ጋሼ አልተዋረዱም፤ ልጅቷም ጭቃ ስለነካች አልደነቆረችም።

ወደ ጣራው እንውጣ። ተማሪው አይወጣም፤ የሚወጣው አናጢው ነው። ተማሪው ታች ሆኖ ይለካል፣ ይቆጥራል፣ ይጠይቃል። «ሚስማሩ የሚመታው የት ላይ ነው?» መልሱ፦ ከቆርቆሮው ጉብታ ላይ። ውሃ የሚወርደው በሸለቆው ነውና ሸለቆውን የበሳ ሰው ለውሃው በር ከፈተለት ማለት ነው። እማማ ይህን ሰምተው ከመደባቸው ሳይነሱ፣ «ባለፈው የመጡት ልጆች ሸለቆ ሸለቆውን ነው የቸነከሩት» አሉ። «ያኔ በሦስት ቦታ ያፈስ ነበር። ካደሱልኝ ወዲህ በአሥራ አንድ።»

ፈተና ማለት ይህ ዝናብ ነው። እኛ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከኩረጃ ለማዳን የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞችን ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አጓጉዘን አስፈተንን። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ 3.2። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 በመቶው የተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ያጥና ብለን ነበር። ጣራው ግን አሁንም ያፈሳል። ዝናብ ተፈታኝ አጓጉዙልኝ አይልም፣ አበል አይጠይቅም። ራሱ ይመጣል፤ ሚስማር በሚስማር ያርማል። ከጎንህ ካለው ልጅ ብትኮርጅ ሁለታችሁም ትወድቃላችሁ፤ የሚረጥቡት ግን እማማ ናቸው። ለዚህ ነው ዝናብ ማንንም የማያስኮርጀው፤ ለዚህም ነው ከጥቁር ሰሌዳ የተሻለ መምህር የሚሆነው።

ዝናብን ካነሳን አይቀር ሒሳቡን እንጨርሰው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። የእማማ ጣራ 5 በ6፣ ማለትም 30 ካሬ ነው። አዲስ አበባ ላይ በዓመት 1,100 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። ሲባዛ 33,000 ሊትር። የሚፈናጠቀውንና የሚባክነውን አምስተኛውን ብንቀንስ 26,400 ሊትር ይቀራል፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 1,320 ጀሪካን ማለት ነው። ይህን ሁሉ ውሃ እማማ አሸንዳ ስለሌላቸው በየዓመቱ ለግድግዳቸው እግር ያጠጣሉ፤ ከዚያ በጋ ሲመጣ ጀሪካን ይዘው ይሰለፋሉ። ተማሪዎቹ ይህን ሲነግሯቸው፣ «እንዲህ ከሆነማ ሀብታም ነበርኩ፤ ማን ነው ሳይነግረኝ የቆየው?» አሉ።

«ግን እማማ፣ የት ያጠራቅሙታል?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ሌላ ሒሳብ ነው። 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ በዚህ ጣራ 83 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ ይሞላል። የሐምሌ ዝናብ ብቻ ሦስት ጊዜ ያህል ይሞላዋል። እንግዲህ ሮቶው ትንሽ ነው ወይስ ትልቅ? ስንት ሰው ይጠቀማል? ለመጠጥ ነው ወይስ ለማጠቢያ? ከቆርቆሮው ላይ የመጀመሪያው ቆሻሻ ውሃ በየት ይውጣ? እንዲህ ያለውን ጥያቄ ምርጫ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ አድርጎ ማውጣት አይቻልም። መልሱ «መ. ሁሉም» አይደለማ።

የወረዳው ተወካይ መጡ። ግድግዳውን በጫማቸው ጫፍ ነካ አድርገው፣ «እማማ፣ አይዞዎት፤ ይህን አፍርሰን በብሎኬት እንሠራልዎታለን። ጭቃ ኋላቀር ነው» አሉ።

«ደስ ይለኛል፤ ሲሰነጠቅ ሲሚንቶውን የሚገዛልኝ ማን ነው?» አሉ እማማ።

ተወካዩ አልመለሱም፤ እኔ ልመልስላቸው። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ 1,450 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ምድጃ ተቃጥሎ ነው። ነዳጁ ይጨሳል፤ ድንጋዩ ራሱም ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ እንዲያውም ከጠቅላላው ልቀት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከድንጋዩ የሚወጣው ነው። ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት 7 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከሲሚንቶ የሚመጣ ነው ተብሎ ይገመታል። ሲሚንቶ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ድልድይና ፎቅ በጭቃ አይቆምም። ለእማማ ሁለት ክፍል ግን ጓሮ ያለው አፈር መጀመሪያ ይጠየቅ።

«ኋላቀር» ለተባለው ደግሞ፦ ፍራንሲስ ኬሬ የሚባል የቡርኪና ፋሶ ሰው በርሊን ገና ተማሪ ሳለ ለተወለደባት ለጋንዶ መንደር ትምህርት ቤት ከአፈር ሠራ። ጡቡን የሠራው የመንደሩ ሕዝብ ነው፤ የቆርቆሮውን ጣራ ከጡቡ ኮርኒስ ከፍ አድርጎ ሙቀቱ በመሀል እንዲያልፍ አደረገው። ትምህርት ቤቱ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ኬሬ እ.ኤ.አ. በ2022 የአርክቴክቸር ትልቁን ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን፣ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ ተሸለመ። እኛም ዘንድ እ.ኤ.አ. በ2010 የአዲስ አበባው የሕንፃ ትምህርት ተቋምና የዙሪኩ ኢቴሃ ዩኒቨርሲቲ ከተማሪዎች ጋር በተጠቀጠቀ አፈርና በቀጭን ጡብ ቅስት ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሠርተው አሳይተዋል። ጭቃው አልዘገየም፤ የዘገየው ሌላ ነው።

ጭቃን ታቦት አናድርገው እንጂ። እግሩ ውሃ ውስጥ የቆመ ጭቃ ቤት ይበሰብሳል፤ ቋሚውን ምስጥ ይበላዋል። አናጢው ለምስጡ የተቃጠለ ዘይት ይቀባል። አንዷ ተማሪ፣ «እሱስ መሬት ውስጥ ገብቶ ወደ ውሃው አይሄድም?» ብላ ጠየቀች። አናጢው አሰበ። ከብዙ ክርክር በኋላ ቋሚው ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ እንዲቆም፣ የጣራው ክፈፍም ወደ ውጭ እንዲረዝም ተስማሙ። ዘላቂነት ሲባል ዐውደ ጥናት፣ ሆቴልና የሻይ ሰዓት ትዝ ይለናል። ዘላቂ ቤት ማለት ግን በጎ ፈቃደኛው ከሄደ በኋላ እማማ በጎረቤት ጉልበት ሊጠግኑት የሚችሉት ቤት ነው።

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ፋሽን ነው» የሚሉ ደግሞ አሉ። ደቦ የማን ፋሽን ነው? ልጅ ድንጋይ ሲያቀብል መሠረት የተማረው፣ ማገር ሲያስር ሸክም እንዴት እንደሚከፋፈል ያየው በደቦ አይደለም? በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግል ተደርጓል። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በህብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ገጠር ወርደው ማንበብ አስተምረዋል፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ሠርተዋል፣ ጉድጓድ ቆፍረዋል። ያ ዘመቻ በትእዛዝ ስለነበር ጣጣውም ብዙ ነው፤ ትምህርቱ ግን አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1983 የተመሠረተው የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት፣ የዛሬው ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪን ኅብረተሰቡ ውስጥ አስገብቶ ማስተማርን ከመነሻው መርሁ አድርጎታል። ፈረንጁም ቢሆን ሲያደርገው ቁም ነገር አድርጎ ነው፦ በአሜሪካ አላባማ የኦበርን ዩኒቨርሲቲ የአርክቴክቸር ተማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በገጠር ለድሃ ቤተሰብ ቤት ነድፈው በገዛ እጃቸው ይሠራሉ፤ ሥራውም ይታረማል፣ ማርክም ይያዝበታል። እኛ ከዚያ ላይ የወሰድነው ቲሸርቱን ነው።

አንድ ተረብ ግን ውጦኛል፤ መልስ የለኝም። የቀን ሠራተኛው ነው የተረበኝ። «ልጆቹ በነፃ ሲሠሩ እኔ በነፃ ልብላ?» አለኝ። እውነቱን ነው። በጎ ፈቃድ የሰው እንጀራ የሚነጥቅ ከሆነ በጎነቱ ለማን ነው? ተማሪው ጉልበት ሊያዋጣ ሳይሆን ሊማር ይምጣ፤ ግንበኛውና አናጢው በመምህርነታቸው፣ የቀን ሠራተኛው በሥራው ይከፈላቸው። ልጅ ጣራ ላይ አይውጣ፣ ከባድ አይሸከም። ከባድ ሸክም ከተባለ ለልጅ የሒሳብ ክፍልፋይ ይበቃዋል።

ዋናው ተረብ ግን የቀን መቁጠሪያው ላይ ነው። ለመሆኑ በሐምሌ ጭቃ የሚመርግ ማን ነው? ጋሼ ቲቸርን ጠየቁት፦ «ይሄ ምርጊት መቼ ይደርቃል?»

«በሦስት ቀን።»

«በየትኛው ፀሐይ?»

ጭቃ የሚደርቀው ውሃው ተንኖ ሲያልቅለት ነው፤ የሐምሌ አየር ደግሞ ራሱ ውሃ የጠገበ ነው። እኛ ሐምሌን የመረጥነው ትምህርት ስለሚዘጋ ነው። ስለዚህ ትምህርት ሲዘጋ እንሠራለን፣ ትምህርት ሲከፈት ሥራ እንዘጋለን፤ ሁለቱ እንዳይገናኙ የተማከርን ይመስላል። እናገናኛቸው። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያባራ ተማሪዎች ቤቱን ይለኩ፣ ይንደፉ፣ አፈሩን ይፈትሹ። ኅዳርና ታኅሣሥ ጭቃው ይቦካ፣ ይመረግ፤ በጋው ያድርቀው። ግንቦት ላይ ጣራና አሸንዳ ያልቅ። ወጪው በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ይሰላ፣ አፈሩ በኬሚስትሪ፣ ሸክሙ በፊዚክስ፣ ምስጡ በባዮሎጂ ይታይ። ማርክ ይያዝበት። ማርክ የሌለው ነገር ላይ ማን ጭንቅላቱን ያደርቃል?

አንድ ሰሞን ይህ ሁሉ ተሠራ እንበል። ሰኔ መግቢያ ላይ ምረቃ ተደረገ። ባነሩም መጣ፣ ካሜራውም መጣ። የወረዳው ተወካይ ማይክ ይዘው ወደ እማማ ጠጋ አሉ፦ «እማማ፣ እስቲ ይናገሩ፤ ለልጆቹ ከመቶ ስንት ይሰጧቸዋል?»

«ምን አስቸኮለኝ? ፈተናው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ እኔ መስከረም ላይ ደምሬ እሰጣለሁ» አሉ እማማ። «ያኔ አንተም ና፤ ያንተንም ደረጃ አብሬ አወጣዋለሁ።»